«እኛ ቤት ዩቲዩብ ብቻ ነው የሚታየው»፦ ቲቪ ላይሰንስ ማንን ይመለከታል?

(ይህ ለንደን ውስጥ በማኅበራችን የእሁድ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች በጽሑፍ ስለጠየቁኝ እንደተናገርኩት አድርጌ አስፍሬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! ብዙዎቻችሁ ከቅዳሴ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ቡናው እስኪደርስ ድረስ ትንሽ ጆሮ ስጡኝ።

በቅርቡ ሦስት ሰዎች በተለያየ ጊዜ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይዘው መጡብኝ። ደብዳቤው ስለ ቲቪ ላይሰንስ ነው፤ እዚህ አገር ቴሌቪዥን ለማየት በየዓመቱ የሚከፈለው፣ ገንዘቡም ለቢቢሲ የሚሄደው ክፍያ ማለት ነው። ደብዳቤው ስም የለውም። «ለዚህ ቤት ሕጋዊ ነዋሪ» ነው የሚለው። ከታች ትልልቅ ፊደላት አሉ፤ ምርመራ፣ ፍርድ ቤት፣ ቅጣት የሚሉ ቃላት አሉ። ሦስቱም ደንግጠዋል። ሦስቱም ደግሞ ያሉኝ ነገር አንድ ነው፦ «እኛ እኮ ቴሌቪዥን አናይም። ዩቲዩብ ብቻ ነው የምናየው።»

እኔም ሦስቱንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «ዩቲዩብ ላይ ምንድን ነው የምታዩት?»

የመጀመሪያው ወጣት ነው። ማታ ማታ ኡበር ይነዳል። ቤት ሲገባ የትናንቱን ጨዋታ ጎሎች በስልኩ ያያል፤ ከዚያ ኔትፍሊክስ ላይ ተከታታይ ፊልም ከፍቶ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሁለተኛዎቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። አባትየው በየምሽቱ ከአገር ቤት የሚተላለፈውን የሁለት ሰዓት ዜና ሳሎን ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ በዩቲዩብ ላይቭ ይከፍታል። እዚህ በጋ ላይ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ማለት ነው። ሦስተኛዋ እናት ናቸው። የተጫነ ስብከትና መዝሙር፣ አልፎ አልፎም የቆየ ድራማ ያያሉ። እሳቸው ግን ደብዳቤውን ስለፈሩ ለዓመታት ሳያቋርጡ ሲከፍሉ ነው የኖሩት። ይዘው የመጡት ደብዳቤ ዳይሬክት ዴቢቱ፣ ማለትም ከባንክ በራሱ የሚቆረጠው ክፍያ፣ ስለተቋረጠ የመጣ ነው።

ወጣቱ አንድ ሳንቲም መክፈል የለበትም። ባልና ሚስቱ መክፈል አለባቸው፤ እስካሁን አልከፈሉም። እናታችን መክፈል አልነበረባቸውም፤ ከፍለዋል። ሦስቱም የተናገሩት ዓረፍተ ነገር አንድ ነው፤ መልሱ ግን ሦስት ዓይነት ሆነ። ዛሬ የቆምኩት ለዚህ ነው። «ስትሪም ብቻ ነው የማደርገው» የሚለው ቃል ሕጉ ፊት ምንም ማለት አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው በምን እንደምታዩ አይደለም። ምን እንደምታዩና መቼ እንደምታዩት ነው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ላይሰንሱ የሣጥኑ ስለሚመስለን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። እዚህ አገር የቆያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ድሮ ሱቅ ገብታችሁ ቴሌቪዥን ስትገዙ ስምና አድራሻችሁን ይመዘግቡ ነበር። ሻጩ ለላይሰንስ መሥሪያ ቤቱ የማሳወቅ ግዴታ ነበረበት። ያ ግዴታ የተነሣው በ2013 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ «ቴሌቪዥን ገዛሁ» ማለትና «ላይሰንስ መጣብኝ» ማለት አንድ ሆኖ በጭንቅላታችን ቀረ። አንዳንዱ ሰው እስከ ዛሬ ቴሌቪዥኑን ሲሸጥ ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ቴሌቪዥን ገዝቶ ለልጆቹ ጌም ብቻ ስለሰካው ጥፋተኛ የሆነ ይመስለዋል።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ክፍያው የተጀመረው በ1922 ለሬዲዮ ነው፤ በዓመት 10 ሺሊንግ። ቴሌቪዥን ከጦርነቱ በኋላ ሲመለስ በ1946 ሁለት ፓውንድ ሆነ። በ1968 ለባለ ቀለም ተጨማሪ መጣ። በ1971 የሬዲዮው ክፍያ ፈጽሞ ቀረ። ስለዚህ ሬዲዮ ለመስማት ማንም ምንም አይከፍልም፤ የቢቢሲን ሬዲዮ በስልክ አፕ ብትሰሙም እንደዚያው ነው። አሁን የሚሠራው ሕግ የ2003ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ ነው። በ2004 ደግሞ ማስፈጸሚያ ደንብ ወጣለት። እኔ ይህን ደንብ ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። አንዲት ሐረግ አለችው፤ ነገሩን ሁሉ የምትፈታው እሷ ናት። ፕሮግራሙ ለሕዝብ በሚተላለፍበት «በተመሳሳይ ሰዓት፣ ወይም ተመሳሳይ ሊባል በሚችል ሰዓት» የምትቀበሉት ከሆነ ላይሰንስ ያስፈልጋችኋል ትላለች። በአንቴና ይሁን በዲሽ፣ በኢንተርኔት ይሁን በስልክ ለውጥ የለውም።

«ተመሳሳይ ሊባል በሚችል ሰዓት» የምትለዋን ልብ በሉ። ሰው «ዩቲዩብ ላይ እኮ ከቴሌቪዥኑ ሠላሳ ሰከንድ ወደኋላ ይቀራል» ይለኛል። እውነት ነው፤ ይቀራል። ጎረቤት ጎል ብሎ ሲጮህ የእኛ ኳስ ገና መሀል ሜዳ ነው። ሕጉ ግን ያን ጊዜ አስቀድሞ አስቦበታል። ያ መዘግየት አያድናችሁም።

ሁለተኛው ነገር ቢቢሲ አይፕሌየር ነው፤ የቢቢሲ ፕሮግራሞች በኢንተርኔት የሚታዩበት አፕ ማለት ነው። እስከ 2016 ድረስ አይፕሌየር ላይ ያለፈ ፕሮግራም ማየት ላይሰንስ አይጠይቅም ነበር። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ግን ላይቭም ይሁን ያለፈ፣ አይፕሌየር ላይ የቢቢሲ ፕሮግራም ካያችሁ ወይም ካወረዳችሁ ላይሰንስ ግድ ነው። ይሄ ለቢቢሲ ብቻ የተሠራ ሕግ ነው። የአይቲቪና የቻናል ፎር አፖች ላይ ያለፈውን ፕሮግራም ብታዩ አይመለከታችሁም። እነዚያው አፖች ላይ ግን ላይቭ የሚለውን ከነካችሁ ይመለከታችኋል።

እዚህ ላይ ልጆች ያሏችሁ እናቶችና አባቶች በደንብ ስሙኝ። ትንንሽ ልጆች ቴሌቪዥኑን ሲከፍቱ የሚነኩት አፕ ብዙ ጊዜ ያ ነው፤ የቢቢሲ የልጆች ፕሮግራሞች እዚያ ስላሉ። «እኛ ቢቢሲ አናይም» የሚል አባት ቤት ውስጥ የሦስት ዓመት ልጁ በየጠዋቱ አይፕሌየር ላይ ካርቱን ታያለች። እሱ እውነቱን ነው የተናገረው፤ ስለማያውቅ ነው። ሕጉ ግን ቤቱን እንጂ እሱን ብቻ አይደለም የሚያየው።

አሁን ወደ እኛው ቤት ልምጣ። እኛ ቤት ቴሌቪዥን የሚታይበት መንገድ ከእንግሊዞቹ ይለያል፤ የላይሰንሱ ማብራሪያ ወረቀት ላይ የተጻፈው ምሳሌ ደግሞ የእነሱን ቤት አስቦ ነው የተጻፈው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንሂድበት።

ዲሽ ያላችሁ ቤቶች አላችሁ። ዲሹን የተከላችሁት የአገር ቤት ጣቢያዎችን ለማየት ነው፤ የእንግሊዝ ጣቢያ አንድም አይገባላችሁም። ላይሰንስ ያስፈልጋችኋል? አዎ። ጣቢያው የየትም አገር ይሁን፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ቴሌቪዥን በቀጥታ እስካያችሁ ድረስ ያስፈልጋችኋል። ይህን ስነግር ብዙ ሰው ይናደዳል፤ «ገንዘቡ ለቢቢሲ ነው፤ እኔ ኢቢኤስ ስላየሁ ለቢቢሲ ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። ንዴቱ ይገባኛል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው አልዋጥ ብሎኝ ነበር። ወደዚህ ቁጣ በኋላ እመለሳለሁ። ለአሁኑ ግን ሕጉ ይሄ መሆኑን ያዙልኝ።

ኢቢኤስ ወይም ኢቲቪ ወይም ፋና በዩቲዩብ ላይቭ ሲተላለፍ ማየትም ያው ነው። ዲሹ ቀርቶ ስልክ ሆነ እንጂ ጣቢያው ቴሌቪዥን ነው፣ ሰዓቱም አንድ ነው። ያው ፕሮግራም ተቆርጦ ማታ ሲጫን ወይም በማግሥቱ ስታዩት ግን ነጻ ናችሁ። የእንቁጣጣሽ ልዩ ዝግጅት አገር ቤት ሲተላለፍ አብራችሁ ካያችሁ ላይሰንስ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ከዩቲዩብ ካያችሁት ምንም። አንድ ፕሮግራም፣ አንድ ስክሪን፣ አንድ ቤተሰብ፤ ልዩነቱ ሁለት ቀን ነው።

ቤተ ክርስቲያንስ? ይሄን የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። እዚህ ሰፈር ያለ አጥቢያ አንድ ዲያቆን ስልኩን ትራይፖድ ላይ አቁሞ ቅዳሴውን በዩቲዩብ ወይም በፌስቡክ ላይቭ ቢያስተላልፍ ያ የቴሌቪዥን ጣቢያ አይደለም። ያንን ቤት ሆኖ ማየት ላይሰንስ አይጠይቅም። የታመመች እናት አልጋዋ ላይ ሆና ብታየው ምንም የለባትም። በሳተላይት የሚተላለፍ መንፈሳዊ ቴሌቪዥን ጣቢያን በቀጥታ ብትከፍት ግን ያስፈልጋታል። የዘመድ ሠርግ በላይቭ፣ የለቅሶ ዙም፣ የቲክቶክ ላይቭ፣ እነዚህም የግለሰብ ስርጭቶች ናቸው፤ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ «ላይቭ» የሚለውን ቀይ ምልክት ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ። ከጀርባው ያለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው ወይስ አንድ ሰው ስልኩን ይዞ? ብላችሁ ጠይቁ።

ኳስ። እዚህ ላይ ወንድሞቼ ዝም አላችሁ። አርሴናል ሲጫወት በቀጥታ ካያችሁ በየትም በኩል ይሁን ላይሰንስ አለበት። በወር ለስፖርት ቻናል መክፈላችሁ አይተካውም፤ ያ ሌላ ይሄ ሌላ ነው። አማዞን ላይ የሚተላለፍ የቀጥታ ጨዋታም፣ ኔትፍሊክስ ላይ የሚተላለፍ የቀጥታ ውድድርም እንደዚያው ነው። የሚከፈልባቸውን ቻናሎች ያለ ፈቃድ የምታሳየው፣ ከሰው ገዝታችሁ የሰካችኋት ርካሽ ሣጥንም አታመልጥም፤ እሷ እንዲያውም ሁለተኛ ጥፋት ናት። ማታ ጎሎቹን ለብቻቸው ማየት ግን ነጻ ነው። በቀጥታ የተላለፈውን ቀድታችሁ ቆይታችሁ ብታዩትም፣ መቅዳቱ ራሱ እንደማየት ይቆጠራል።

የጋራ ቤት ነገር ራሱን የቻለ ነው፤ እኔ የተጎዳሁበትም እሱ ነው። መጀመሪያ እንደመጣሁ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አምስት ሰዎች ነበርን፤ ኩሽናውና መታጠቢያው የጋራ ነው። አከራዩ «ሁሉም ነገር ኪራዩ ውስጥ አለ» አለኝ። መብራት፣ ውሃ፣ ኢንተርኔት፤ ላይሰንሱም ያለ መሰለኝ። እሱም አልዋሸኝም፤ ለሳሎኑ ላይሰንስ ነበረው። እኔ ግን የራሴን ክፍል በራሴ ውል ነበር የተከራየሁት። በራሳችሁ ውል የተከራያችሁት ክፍል እንደ ራሱ ቤት ነው የሚቆጠረው። ክፍሌ ውስጥ ቀጥታ ስርጭት አይ ስለነበር የራሴ ላይሰንስ ያስፈልገኝ ነበር። የላይሰንስ ተቆጣጣሪው በሬን ሲያንኳኳ ነው ይህን ያወቅሁት። ያን ቀን የተሰማኝን ሀፍረት እስካሁን አልረሳሁትም። ሌባ የሆንኩ መሰለኝ። አንዲት ውል ላይ ያለችን ቃል የሚያስረዳኝ ሰው አጥቼ ነው።

ስለዚህ ክፍል የተከራያችሁ ውላችሁን አውጥታችሁ እዩ። ቤቱን በሙሉ በአንድ ውል አብራችሁ ከፈረማችሁ አንድ ላይሰንስ ለሁላችሁ ይበቃል። እያንዳንዳችሁ ለየክፍላችሁ ከፈረማችሁ እያንዳንዳችሁ ናችሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆች ያሏችሁ ደግሞ፣ ልጁ በራሱ ባትሪ የሚሠራ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ፣ ገመዱ ግድግዳ ላይ ሳይሰካ ካየ የቤታችሁ ላይሰንስ ይሸፍነዋል። ቻርጀሩን ሰክቶ ካየ አይሸፍነውም። አዎ፣ እስከዚህ ድረስ ነው። ልጆቻችሁን ንገሯቸው።

አሁን ስለ በሩ እንነጋገር። በዚህ ጉዳይ ብዙ ሕመም ያለው እዚህ ላይ ነው።

የሚያንኳኳው ሰው ፖሊስ አይደለም። ኢሚግሬሽንም አይደለም። ቢቢሲ ሥራውን ካፒታ ለሚባል የግል ኩባንያ ሰጥቶታል፤ ሰውየው የዚያ ኩባንያ ሠራተኛ ነው። ከፍርድ ቤት የፍተሻ ማዘዣ ካልያዘ በስተቀር ቤታችሁ የመግባት ሥልጣን የለውም። በትሕትና «ይቅርታ፣ አሁን አይመቸኝም» ብላችሁ በሩን መዝጋት ትችላላችሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድትደበቁ አይደለም። ሰው ሲፈራ ያልሆነውን ይናገራልና ነው። እኛ አገር መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው በር ላይ ሲቆም «ግባ» ማለት ጨዋነት ነው። እንግሊዝኛው በደንብ ሳይገባን «የስ፣ የስ» እያልን የማናውቀውን ወረቀት እንፈርማለን። የፈረማችሁት ወረቀት ግን የእምነት ቃል ሆኖ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ያልገባችሁን አትፈርሙ።

ላይሰንስ ሳይኖር ማየት የወንጀል ጥፋት ነው። ቅጣቱ እስከ 1000 ፓውንድ ይደርሳል፤ የፍርድ ቤት ወጪም ይጨመርበታል። በራሱ እስር አያስከትልም፤ የተፈረደበትን ቅጣት አለመክፈል ግን ወደዚያ ሊወስድ ይችላል። ክሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በወረቀት ነው። አንድ ዳኛ ቢሮ ውስጥ ሆኖ ፋይሉን አይቶ ይወስናል፤ እናንተ የላችሁበትም። ፖስታ ቤት ያመጣላችሁን ደብዳቤ ካልመለሳችሁ እናንተ ሳትሰሙ ይፈረድባችኋል። ከዚያ በኋላ ለዜግነት ስታመለክቱ ፎርሙ የፍርድ ቤት ጥፋተኝነት አለብህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ደብቆ ማለፍ ደግሞ ከጥፋቱ የባሰ ነው። ስለዚህ ከፍርድ ቤት የመጣ ፖስታ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አብራችሁ አትወርውሩ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ለማኅበሩ አምጡት። ማንም አይታዘባችሁም።

አንድ ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በዚህ ጥፋት ከሚፈረድባቸው ሰዎች ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ሴቶች ናቸው። ሴቶች ከወንዶች የበለጠ ቴሌቪዥን ስለሚያዩ አይደለም። በር ሲንኳኳ ቤት ያለችው እሷ ስለሆነች ነው። ለብቻቸው ልጅ የሚያሳድጉት አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ ነው። ቢቢሲ ራሱ በ2017 ባስጠናው ጥናት ላይ እነዚህን ምክንያቶች ጠቅሷል። እኛ ቤት ደግሞ ሌላም ይጨመርበታል። ባል ኳሱን ያያል፣ ሚስት በሩን ትከፍታለች። ጥያቄ የተጠየቀችው እሷ ናት፣ የመለሰችው እሷ ናት፣ የሚጻፈውም የእሷ ስም ነው። ወንድሞቼ፣ ማታ ቤት ስትገቡ ይህን አስቡበት። ላይሰንሱ በማን ስም እንዳለ፣ ጭራሽ ይኖር እንደሆነ፣ ሚስቶቻችሁ ያውቃሉ?

እንግዲህ የማያስፈልገው ሰው ምን ያድርግ? ያ ኡበር የሚነዳው ወጣት አልተቸገረም። ድረ ገጹ ላይ ገብቶ «ላይሰንስ አያስፈልገኝም» የሚለውን ፎርም ሞላ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈጀበትም። ደብዳቤው ለሁለት ዓመት ያህል ይቆማል፤ ከዚያ እንደገና ይጠይቁታል። ይህን ፎርም የመሙላት ግዴታ የለባችሁም፤ እኔ ግን ሙሉት እላለሁ። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የምትደነግጥ እናት ወይም ሚስት ቤታችሁ ውስጥ አለች። ፎርሙን የምትሞሉት ግን እውነት ከሆነ ብቻ ነው። ማታ ላይቭ ዜና እየከፈታችሁ «አላይም» ብላችሁ አትጻፉ።

ያለ አግባብ የከፈሉት እናታችን ደግሞ ማቋረጥ ይችላሉ። የከፈሉት ጊዜ ገና ሳያልቅ ላይሰንሱ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ለቀሩት ሙሉ ወራት ገንዘብ ይመለሳል፤ ማመልከት ግን አለባችሁ፤ ማንም በራሱ አይልክላችሁም።

የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ፣ ከኤፕሪል 2025 እስከ ማርች 2026 ዋጋው በዓመት 174.50 ፓውንድ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት 169.50 ነበር። አንዱ ለመላው ቤት ነው፤ ስንትም ስክሪን ይኑራችሁ። 174.50 በወር ስትካፈል 14 ፓውንድ ተኩል ያህል ነበረች። ግን ተጠንቀቁ፤ መጀመሪያ ስትገቡ በወርሃዊ ዳይሬክት ዴቢት የዓመቱን በስድስት ወር ነው የሚያስከፍሉት፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት እጥፍ ይሆኑባችኋል። ኑሮ የከበደበት ሰው ቀለል ያለ የክፍያ መንገድ አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ፤ አለ። በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል እኩል መክፈል ይቻላል። ዓይናቸው በጣም ለደከመ ወይም ለማያይ ሰዎች በተመዘገበ ማስረጃ ግማሽ ዋጋ ነው።

ዕድሜያቸው 75 የሞላቸውን በተመለከተ አንድ ስሕተት በሰፊው አለ። ከ2000 እስከ ኦገስት 2020 ድረስ 75 የሞላው ሰው ሁሉ በነጻ ነበር። ያ ቀርቷል። አሁን ነጻ የሚሆነው 75 ሞልቶት እሱ ወይም አብሮት የሚኖረው የትዳር ጓደኛው ፔንሽን ክሬዲት፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ጡረተኞች መንግሥት የሚሰጠውን ድጎማ፣ የሚቀበል ሰው ብቻ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ሁለቱንም አያውቁትም። አንዳንዱ አሁንም ነጻ እየመሰለው አይከፍልም። ሌላው ፔንሽን ክሬዲት እየተቀበለ በነጻ ማግኘት ሲገባው ይከፍላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፔንሽን ክሬዲቱ ራሱ የሚገባው ሆኖ ያላመለከተው ነው።

አሁን ወደዚያ ቁጣ ልመለስ። «ለማላየው ቢቢሲ ለምን እከፍላለሁ?»

ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ማወቅ ደግ ነው። ቢቢሲ ከላይሰንስ በዓመት ወደ 3.8 ቢሊዮን ፓውንድ ያገኛል። ለውጭ አገር አድማጭ የሚሠራው የዓለም አገልግሎት ወጪ ከፍተኛው ድርሻ ከዚህ ይወጣል፤ መንግሥትም ይጨምርበታል። ቢቢሲ አማርኛ፣ ቢቢሲ ትግርኛና ቢቢሲ አፋን ኦሮሞ በ2017 የተጀመሩት መንግሥት በጨመረው ገንዘብ ነበር፤ የሚኖሩት ግን በዚያው ቤት ውስጥ ነው። አገር ቤት ኢንተርኔት በተቋረጠ፣ ወሬው ሁሉ በተምታታ ጊዜ ስንቶቻችን ነን እዚያ ገብተን ያነበብነው? ቁጣውን ባያጠፋውም ይሄን ደግሞ ማየት አለብን። ጽሑፉን ለማንበብ ላይሰንስ አያስፈልግም፤ የትም ሆናችሁ አንብቡት።

ቢሆንም እኔ ይህ አሠራር ትክክል ነው አልልም። ቴሌቪዥን በማየቷ አንዲት እናት ወንጀል ፍርድ ቤት መቅረብ አለባት ብዬ አላምንም። የመብራት ዕዳ ያለበት ሰው ወንጀለኛ አይባልም። ሌሎች አገሮች መንገዱን ቀይረዋል። ፍራንክፈርት ያሉ ዘመዶቻችን ከ2013 ጀምሮ ቴሌቪዥን ኖራቸውም አልኖራቸውም በየቤቱ ይከፍላሉ፤ በወር 18.36 ዩሮ ነው። ድጎማ የሚቀበል ሰው ነጻ መሆን ይችላል፤ ምን ታያለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስዊድን ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። መጀመሪያ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ እንደ ቴሌቪዥን ይክፈል ብለው ነበር፤ በ2014 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ኮምፒውተር ቴሌቪዥን አይደለም ብሎ ፈረደ። ከ2019 ጀምሮ ክፍያው ከገቢ ግብር ጋር ሆኖ ጣሪያ ተደረገለት። ገቢ የሌለው አይከፍልም። የማንም በር አይንኳኳም። ለእኛ ሰው ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ። አነስተኛ ደመወዝ የሚያገኝ የጽዳት ሠራተኛና ሚሊየነር እኩል መክፈላቸው አይዋጥልኝም።

ይህ የእኔ ብቻ ጥያቄ አይደለም። የላይሰንሱ ቁጥር ራሱ እየወረደ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት 26 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ አሁን ከ24 ሚሊዮን በታች ሆኗል። ወጣቱ ቀጥታ ስርጭት ትቷል። ቢቢሲ የሚተዳደርበት ቻርተር በዲሴምበር 2027 መጨረሻ ያበቃል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ክፍያው በምን መልክ ይቀጥላል የሚለው አሁን እየተመከረበት ነው። መንግሥት የሕዝብ አስተያየት ሲሰበስብ የእኛ ድምፅ እዚያ የለም። የውጭ አገር ጣቢያ በዩቲዩብ የሚያይ ቤት፣ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው፣ እንግሊዝኛ የማያነብ ሽማግሌ፣ እነዚህን ማን ይናገርላቸው? ለምርጫ ክልላችሁ የፓርላማ አባል ደብዳቤ መጻፍ ነጻ ነው። የሚጽፍ ካለ ቁጭ ብዬ አብሬ እጽፋለሁ።

ንግግሬን እንደጨረስኩ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። ይህን ከንግግሩ ውጪ ቢሆንም እዚህ ጨምሬዋለሁ።

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው። ዲሽ አለኝ፤ የአገሬን ጣቢያ ስከፍት ነው ቀኑ የሚመሽልኝ። በየወሩ ከባንክ ይቆርጡብኛል። ፔንሽን ክሬዲት ያልከው ያ በመንግሥት ወረቀት የሚመጣው ነው?»

«እሱ ነው እማማ። ያገኛሉ?»

«ሦስተኛ ዓመቴ ነው።»

«እንግዲያው ላይሰንሱ ለእርስዎ በነጻ ነው። አመልክተው ያውቃሉ?»

አላመለከቱም። ማን ነግሯቸው! ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤታቸው ሄጄ አብረን እንደውላለን። የፔንሽን ክሬዲቱን ደብዳቤ ከመሳቢያው አውጥተው እንዲጠብቁኝ ነግሬያቸዋለሁ።